ቃንጣርና ኩንታል

ኑ እንግዲህ፣ ቀረብ ቀረብ በሉ፤ የዛሬው ወግ ረዘም ይላልና የቸኮለ ካለ ከአሁኑ ይነሣ፣ ያልቸኮለም ቡናው እስኪፈላ ያዳምጠኝ። ወጉ ስለ ትምህርት ነው፤ ያውም ስለ ሩቅ ትምህርት፣ ሃርቫርድ፣ ስታንፎርድ፣ ዋርተን፣ ኢንሲያድ ስለሚባሉት የንግድ ትምህርት ቤቶች፣ አንድ የድንበር ልጅም «እኔን ይቀበሉኝ ይሆን?» ብሎ ራሱን ስለሚመዝንበት ሚዛን ነው። እኔ ወደ ቦስተን የማውቀው መንገድ ግን በመተማ በኩል ስለሆነ፣ ከዚያው እንጀምር።

ከጎንደር ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። አዘዞን አልፎ፣ አይከልን ረግጦ፣ ደጋው ወይና ደጋ፣ ወይና ደጋው ቆላ እየሆነ፣ ካቦርቱ እየወለቀ፣ ጋቢው እየተጠቀለለ፣ ሸኸዲ ሲደርስ የመኪናው መስኮት ሁሉ ተከፍቶም አየር የማይበቃበት፣ ከዚያም መተማ ዮሐንስ የሚገባው መንገድ ነው። ከመካከላችሁ በእግሩ የሄደበት አለ፤ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጦ የሄደበት አለ፤ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ ቀን ቁጥቋጦ ሥር የተኛም አለ፤ ስለዚህ ለእናንተ ብዙ አላብራራም። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁባት፣ ስማቸውንም ይዛ የቀረችው ከተማ ጫፏ ላይ ድልድይ አላት፤ ድልድዩን ሲሻገሩ ገላባት ነው፣ ከገላባት ዶካ፣ ከዶካ ደግሞ ገዳሪፍ፤ ሁሉም ተደምሮ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

አገሩ ሜዳ ነው። አፈሩ ዋልካ፣ በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ የሚያወጣ፣ በክረምት ደግሞ የያዘውን ጎማ የማይለቅ። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦራቸው ቀለብ ፍለጋ ይህን ሜዳ በትራክተር ማረስ ጀመሩ፣ ከዚያ ወዲህም ሜዳው አላረፈም፤ ማሽላውና ሰሊጡ እስከ ሰማዩ ዳር ይዘረጋል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ሰሊጡ ሲደርስ፣ የጎጃምና የጎንደር፣ የወሎም ልጅ ማጭዱን በጆንያ ጠቅልሎ ይወርዳል፤ ያጭዳል፣ ያስራል፣ ነዶውን አቁሞ ይከምራል፤ ከዚያም ፍሬው አፉን እስኪከፍት ይጠብቃል። ሰሊጥ ሰዓቱን የሚያውቅ እህል ነው፤ ቀድመህ ካጨድክ ይጨመደዳል፣ ከዘገየህ መሬት ላይ ይረግፋል።

ታዲያ ገዳሪፍ ገበያ የዋለ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። እኛ ሰሊጥ የምንመዝነው በኩንታል ነው፣ እነሱ በቃንጣር። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ ቃንጣር ግን 45 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ጀማሪ ነጋዴ የመተማን ዋጋ በጆሮው ይዞ ይሻገርና የገዳሪፍን ዋጋ ሲሰማ «ኧረ እዚህማ ርካሽ ነው!» ብሎ ይዘላል፤ ሚዛኑ ሌላ መሆኑ የሚገባው ጆንያው ተጭኖ፣ ብሩ ተከፍሎ፣ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

እንግዲህ ገዳሪፍ የሰሊጥ ከተማ ብቻ አይደለችም። በእኛ ዘመን የስደት ከተማም ነበረች። ደርግ ሲመጣ፣ ቀይ ሽብር ሲነድ፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም ረሃቡ ሲጠና፣ ሰው በዚያ ሜዳ ላይ ፈሰሰ፤ ተዋዋ፣ ኡም ራኩባ፣ ሌላም ሌላም መጠለያ ሞላ። ኡም ራኩባ ውስጥ ስንት ሰው እንደተቀበረ የሚያውቁ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። በ2013 ዓ.ም ደግሞ፣ ያ ዘመን አለፈ ስንል፣ ከትግራይና ከማይካድራ አካባቢ የሸሸው ሰው በሐምዳይት በኩል ተሻግሮ፣ ያው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ ቱናይድባ የሚባል ሌላ ሰፈርም ተጨመረለት።

በዚያን ጊዜ፣ በፊተኛው ስደት ማለቴ ነው፣ ገዳሪፍ ውስጥ ማታ ማታ ሻይ ቤት የሚወራው አንድ ወሬ ነበር፤ «ኬዝ»፣ ወደ አሜሪካ የመሻገሪያ ማመልከቻ ማለት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕጓን ካወጣች በኋላ ከሱዳን የምትወስደው ሐበሻ በዛ፣ ወሬውም በዛ። የማን ኬዝ ያልፋል? ማን ኢንተርቪው ተጠራ? ማን ተመለሰ? አንዱ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል፦ «እሱ ታስሮ ያውቃል፣ አንድ፤ እንግሊዝኛ ይችላል፣ ሁለት፤ ወንድሙ ዳላስ ነው፣ ሦስት፤ አለፈ በለው!» ከዚያም ያ አለፈ የተባለው ይወድቃል፣ አይሞክረው የተባለው ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ካርቱም ይወርዳል። የሚሸጥ ታሪክም ነበር ይባላል፤ ያለፈውን ሰው ታሪክ በቃሉ የሚያስጠና ደላላ። የተገዛው ታሪክ ግን የሚያሻግረው እስከ መጀመሪያው ጥያቄ ድረስ ነበር። ጠያቂው «የእስር ቤቱ በር ወደየት ይከፈታል?» ብሎ ሁለተኛ ጥያቄ ያመጣ ዕለት፣ ያልታሰረው ሰው አፉ ይያዛል።

ከዚያ ሜዳ ተነሥቶ ሃርቫርድ የገባ ልጅ አለ፤ ሰምታችሁት ይሆናል። ማዊ አስገዶም ይባላል፣ ሰላማዊ ማለት ነው ሙሉ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1976 ትግራይ ውስጥ ዓዲ ዋህላ በምትባል ቦታ ተወለደ። አባቱ ኃይለአብ በአገሩ ድሬሰር ነበረ፣ መድኃኒትና መርፌ የሚያውቅ፣ የተከበረ ሰው። አባት በደርግ ጦስ ቀድሞ ሸሸ፣ ከዚያም እናት ልጆቿን ይዛ በእግሯ ተከተለች። ያንን ጉዞ አስቡት፤ ሕፃን በጀርባ፣ ሕፃን በእጅ፣ በረሃው ከፊት፣ ጥይቱ ከኋላ። ምሥራቅ ሱዳን መጠለያ ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል ኖሩ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የክርስቲያን ድርጅት ወደ አሜሪካ፣ ቺካጎ አጠገብ ወዳለችው ዊተን ወሰዳቸው። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር።

አባትዬው በአሜሪካ መርፌ አልያዘም፤ መጥረጊያ ያዘ። ጽዳት ሠራተኛ ሆነ። ማታ ቤት ሲገባ ግን ለልጆቹ የሚነግራቸው ስለ ድካሙ ሳይሆን ስለ ትምህርት ነበር፤ ገንዘብ የለንምና በነጻ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ራሳችሁ አሸንፋችሁ ግቡ ነበር ነገሩ። ከዚያም መከራው በአሜሪካም ተከተላቸው። ታላቅ ወንድሙን ተወልደን ሰክሮ የሚነዳ ሰው ገደለው፤ ቆይቶ አባቱንም ሌላ ሰካራም አሽከርካሪ ገደለው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው ያ ልጅ ያጠናው። ሃርቫርድ ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጠው፣ ታሪክ አጠና፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲመረቅም በምረቃው በዓል ላይ እንዲናገር ከተማሪዎች መካከል ተመረጠ። በኋላም የሕይወቱን ታሪክ ጻፈ፤ ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችም ለልጆች ያስነብቡታል።

ማዊ የገባው ኮሌጁ ነው እንጂ የንግዱ ትምህርት ቤት አይደለም፤ እንዳንሳሳት። የንግዱ ትምህርት ቤት ከኮሌጁ ማዶ፣ ቻርልስ የሚባለውን ወንዝ ተሻግሮ፣ በቦስተን በኩል ነው ያለው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የተቋቋመ። የማዊን ታሪክ ያመጣሁት በሌላ ምክንያት ነው። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ «ስደተኛ ስለሆነ አዝነውለት አስገቡት» ይላሉ፤ ይህ ክፉ ስሕተት ነው፣ ልጁንም መስደብ ነው። በዚያ ሜዳ ብዙ ሺህ ሰው ነበረ፣ መከራ ያላየ አልነበረም፤ መከራው ብቻውን ቢመዘን ኖሮ ኡም ራኩባ በሙሉ ሃርቫርድ በገባ ነበር።

አሁን አንድ ልጅ በሐሳባችን እንፍጠር። ስም አንስጠው፤ እንደሱ ያለ ብዙ ስላለ ስሙ ይበዛብናል። ሸኸዲ ተወለደ እንበል፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ተማረ፣ በ3.4 ተመረቀ። ከዚያም ሥራ ፈለገ፣ አጣ፣ እንደ አጎቶቹ ድልድዩን ተሻገረ፣ ገዳሪፍ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ነጋዴውን ሐጂ እንበላቸው። መጀመሪያ ጆንያ ቆጠረ፣ ከዚያ መዝገብ ያዘ፣ ከዚያ ሐጂ ሲታመሙ ገበያ ወርዶ ጨረታ ገባ፣ ከዚያም የመተማውን ግዢ በሙሉ እሱ ያዘው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ካርቱም በጦርነት ስትነድ፣ ሰው በገላባት በኩል ወደ መተማ ሲጎርፍ፣ ልጁ እዚያው መሐል ነበረ። ይኸው አምስት ዓመት ሆነው። አንድ ቀን ወደ እኔ መጣና አጠገቤ ተቀምጦ፣ ጫማውን እያየ፣

«ጋሼ፣ ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ባመለክት ይቀበሉኛል?» አለኝ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት።

ወረቀት አወጣ። ጣቱን እንደ ገዳሪፍ ሻይ ቤት ሰዎች እያጠፈ ይቆጥር ጀመር፦ ውጤቴ 3.4፣ ጥሩ ነው ግን የሰቃይ አይደለም፤ ጂማት አልወሰድኩም፤ 700 ያላመጣ አይሞክረው ይላሉ፤ ገንዘብ የለኝም፤ የሠራሁበት ቤት ስም የለውም፣ እንደ ባንክና እንደ ውጭ ኩባንያ አይደለም፤ የሐጂ ሱቅ ነው። ወረቀቱን አጠፈና «ስለዚህ አይሆንም» አለ። ልጁ ራሱን በኩንታል መዝኖ በቃንጣር ዋጋ ሊሸጥ ተቀምጧል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከዚህ በኋላ ቀስ ብለን እንሂድ።

በመጀመሪያ ቁጥሩ። ቁጥር ዋጋ የለውም የሚል መካሪ ካገኛችሁ አትስሙት፤ ልጁን ሊያስደስተው እንጂ ሊያስገባው አይደለም። ጂማት የሚባለው የንግድ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው፣ ግን በቅርቡ ተለውጧል። የድሮው ከ200 እስከ 800 ይቆጠር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የወጣው አዲሱ ከ205 እስከ 805 ነው፣ ነጥቡም ሁሉ በ5 ያልቃል። ሦስት ክፍል አለው፤ ሒሳብ፣ ንባብና ክርክር፣ ሦስተኛው ሠንጠረዥና ግራፍ አንብቦ መፍረድ፤ 64 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። ልጁ የሰማው «700» የድሮው ሚዛን ነው። በአዲሱ 645 ወይም 655 ያመጣ ሰው ከድሮው 700 ጋር የሚቀራረብ ደረጃ ላይ ነው። አያችሁ? እዚህም ቃንጣርና ኩንታል! ስንት ልጅ በአዲሱ 655 አምጥቶ፣ የድሮውን ወሬ ሰምቶ፣ ወድቄአለሁ ብሎ ቀርቶ ይሆን።

የሃርቫርድ ገቢዎች መካከለኛ ነጥብ በድሮው ሚዛን 740 አካባቢ ሲሆን ቆይቷል። መካከለኛ ማለት ግማሽ ያህሉ ያንን ወይም ከዚያ በታች አምጥቶ ገብቷል ማለት ነው፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ነገር ግን ልጁ በዝቅተኛው ጫፍ ልገኝ ብሎ ከወዲሁ አያስብ። የእሱ 3.4 ከየት እንደመጣ ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ላያውቅ ይችላል፤ ጎንደር ላይ ያለው የውጤት አሰጣጥ ከአሜሪካው ጋር አንድ አይደለም፣ ስለዚህ ዓለም ሁሉ በአንድነት የሚቀመጥበት ፈተና ለእንዲህ ያለው ልጅ ከሀብታም ልጅ ይልቅ ይጠቅመዋል። ትምህርት ቤቶቹ ጂአርኢ የሚሉትን ሌላ ፈተናም ይቀበላሉ። እና ልጁን «ፓስፖርትህን አውጣ፣ ለፈተናው መታወቂያ ይሆንሃል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሄደህ ተፈተን፤ ቤትህ ሆነህ በኢንተርኔት እፈተናለሁ አትበል» አልኩት። በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም በዚያ ላይ ዕድሉን አይጥልም።

ጂማቱን ተወጣው እንበል። አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን፣ እኔም እዚህ ላይ ነው ልቆይ የምፈልገው።

ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2024 አመልካቹን የሚጠይቀውን ጽሑፍ ለውጦ ሦስት አጫጭር አድርጎታል። አንዱ ሥራህና ውሳኔህ ወደ ንግድ እንዴት እንዳመጣህ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ሰው እንዴት እንደምትመራ፣ ሦስተኛው የማወቅ ጉጉትህ እንዴት እንዳሳደገህ። ስታንፎርድ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የሚታወቅበት ጥያቄ አለው፤ ከሁሉ በላይ ለአንተ ዋጋ ያለው ምንድን ነው፣ ለምንስ? የሚል። በልጁ ወረቀት ላይ ለእነዚህ መልስ የሚሆን አንድም ነገር አልተጻፈም። የሐጂን ሱቅ «ስም የለውም» ብሎ አልፎታል።

«እስቲ ንገረኝ» አልኩት፣ «ሐጂ ዘንድ ስትገባ ሰሊጡ እንዴት ነበር የሚገዛው?»

ከዚያ ማውራት ጀመረ፣ ሲጀምር ደግሞ ጫማውን ማየት አቆመ። ስገባ ጆንያው ሁሉ እንደመጣ ይገዛ ነበር፣ አለ፤ ንጹሑም ቆሻሻውም በአንድ ዋጋ፤ ከዚያ ማበጠሪያው ላይ ሲደርስ ስንቱ ገለባና አፈር ሆኖ ይወጣ ነበር። እኔ ናሙና እየያዝኩ፣ ከየትኛው ገበሬ ምን ያህል ገለባ እንደወጣ መጻፍ ጀመርኩ። ሐጂ ሳቁብኝ። በሁለተኛው ዓመት ግን ንጹሕ ለሚያመጣው ገበሬ ጥቂት ጨምሩ፣ ቆሻሻ ለሚያመጣው ቀንሱ ብዬ ለመንኳቸው። ገበሬው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ሁለቱ ወደ ሌላ ነጋዴ ሄዱ፤ ከዚያ ተመለሱ። በሦስተኛው ዓመት ማበጠሪያው ላይ የሚወጣው ገለባ ቀነሰ።

«በስንት ቀነሰ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እሱን ማን ቆጥሮት!»

«አንተ ነሃ! መዝገቡን የያዝከው አንተ አይደለህም?»

ዝም አለ። መዝገቡ ገዳሪፍ ነው፣ ሐጂ ሱቅ፣ ከሳጥኑ ሥር፣ አምስቱም ዓመት። እዚህ አገር ዕድሜውን የሰው ሒሳብ ሲሠራ የኖረ ልጅ የራሱን ሥራ አስልቶ አያውቅም። ይህ የልጁ ብቻ አይደለም፤ የእኛ የሁላችንም ነው፣ ራስን መቁጠር ጉራ ይመስለናል። የዚያ ማዶ አንባቢ ግን ጉራውን ሳይሆን ቁጥሩን ነው የሚፈልገው፤ ስንት ቃንጣር ነበር፣ ስንት ሆነ፣ ገበሬው ስንት ነበር፣ ስንቱ ቀረ። ይህን የሚያውቅ የኒውዮርክ ባንክ ልጅ ስንት አለ? የሱ ባንክ ትልቅ ስም አለው፣ እሱ ግን ከሺህ ሠራተኛ አንዱ ነው፤ ይህ ልጅ ደግሞ አንድ የንግድ ቤት በእጁ ላይ ሲለወጥ አይቷል። ወይዘሮ እሌኒ ገብረመድኅን የኢትዮጵያን ምርት ገበያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያስጀምሩ ካነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ ገበሬው ላመጣው ጥራት እንዴት ይከፈለው? ሰሊጥም በኋላ በዚያ ገበያ በደረጃ የሚሸጥ ሆነ። የሸኸዲው ልጅ በሐጂ ሱቅ ያንኑ ጥያቄ በትንሹ መልሷል፤ ብቻ አላወቀውም።

«በሚያዝያውስ?» አልኩት። «በጦርነቱ ጊዜ?»

መኪና ነበረን፣ አለ። ሰው ገላባት ላይ በፀሐይ ተደፍቶ፣ ደላላው ዋጋ እየቆለለ። ሐጂን ጠይቄ ባዶውን መኪና ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር አደረግነው። ስም እየጻፍኩ ተራ አስያዝኩ፣ አንድ ሱዳናዊ መምህር በዐረብኛ ይጠራልኛል፣ እኔ በአማርኛ። አንዳንዱ ይሰድበኝ ነበር። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ እንኳ ከፍ አላለም፤ እኔ ግን ያንን ተራ አስያዥ በዓይኔ አየሁት። ሰው መምራት ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ምን ይነገራል?

እዚህ ላይ ግን ቶሎ ያዝኩት፤ ምክንያቱም ልጁ ወዲያው ስለ ጥይቱና ስለ ሬሳው ሊጽፍ ተነሣሣ። «አይደለም ልጄ» አልኩት። መከራውን አታብዛው፤ ያደረግከውን ጻፍ። የጻፍከውንም ለማንም ደላላ አትስጥ፣ ለኮምፒዩተርም «አሳምርልኝ» ብለህ አትተወው። ሃርቫርድ ከጠራህ የፋይልህን እያንዳንዱን መስመር ያነበበ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ 30 ደቂቃ ይጠይቅሃል። ያ ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ያመጣል፤ የእስር ቤቱ በር ወደየት እንደሚከፈት ይጠይቅሃል።

ከዚያም የተስፋውን ልክ ነገርኩት፣ አልደበቅሁትም። ሃርቫርድ ከሚያመለክቱት አሥር ሰዎች አንዱን ገደማ ነው የሚወስደው፤ ስታንፎርድ ከዚያም ያነሰ። ከሚቀሩት ዘጠኙ ደግሞ ብዙዎቹ ቢገቡ የሚማሩ፣ የሚበቁ ናቸው። ስለዚህ በአንድ በር ብቻ የሚቆም ሞኝ ነው። ፈረንሳይ ያለው ኢንሲያድ ትምህርቱ 10 ወር ነው፣ ኬፕታውን ላይም ሌላ የንግድ ትምህርት ቤት አለ፤ አራት አምስት ቦታ አስገባ አልኩት። ገንዘቡን አትፍራ አልኩት፤ ይህን ያህል ትልቅ ፍርሃት አይገባውም። ሃርቫርድ የሚረዳው በችግር ልክ ነው፣ ከተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ እርዳታ ያገኛሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮም በጣም ለተቸገሩት፣ ከአሥር ተማሪ ለአንዱ ገደማ፣ የትምህርቱን ክፍያ በሙሉ ይሸፍናል። የማመልከቻው ክፍያም እንዲቀር መጠየቅ ይቻላል። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ስለተማረ የቋንቋ ፈተናውም ሊቀርለት ይችላል። መጀመሪያ መግባት ነው፤ በገንዘብ ምክንያት ራስን ቀድሞ ማባረር ግን የሰይጣን ሥራ ነው።

ጊዜውንም አሰብን። የመጀመሪያው ዙር በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ይዘጋል፤ ዘመን ሊለወጥ ሲል፣ ሰሊጡ ሊታጨድ ሲል፣ ሐጂ ልጁን ለቅሶ እንኳ የማይለቁበት ወቅት። ሁለተኛው ዙር ታኅሣሥ መጨረሻ ገና ሲቃረብ ነው፤ ሰሊጡ ገብቶ፣ ሒሳቡ ተዘግቶ። ሁለተኛውን መረጥን።

ቀረ እንግዲህ ምስክሩ። ሁለት ሰው ይመሰክርለታል፤ አለቃው የነበረ ቢሆን ይመረጣል፤ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ መሆን አለበት፣ ልጁ ራሱ ሊጽፈው ደግሞ ክልክል ነው። አንዱ የጎንደር መምህሩ ይሁን፤ ሌላው ከሐጂ በቀር ማን ይሆናል? ሐጂ እንግሊዝኛ አይጽፉም። ስለዚህ በዚሁ በሐሳባችን ያ ተራ ሲጠራ የነበረውን መምህር ይዘን ገዳሪፍ ገባን። ሐጂ ደርበብ ብለው፣ ጀለቢያቸውን ሰብስበው፣ ሻይ አዘዙልን፤ ስኳሩ ከሻይው ይበልጣል። መምህሩ ወረቀቱን አነበበላቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ልጅ በእሱ ደረጃ ካሉት ጋር ሲተያይ እንዴት ነው የሚል ነበር። ሐጂ አልተቸገሩም፤ በ30 ዓመት ያሳደሯቸውን ጸሐፊዎች አንድ በአንድ ጠሩ፣ የሰረቀውን፣ የሰነፈውን፣ ጥሩ የነበረውንም፣ ከዚያም ይህን ልጅ ከጥሩዎቹ በላይ አስቀመጡት፤ ለምን እንደሆነም ስለ ናሙናው አውርተው አስረዱ። መምህሩ እጁ እስኪዝል ጻፈ።

ሁለተኛው ጥያቄ ለልጁ የሰጡት ዋናው እርማት ምን ነበር፣ እሱስ ምን አደረገ የሚል ነው። ሐጂ ሻያቸውን አስቀመጡ።

«እኔ የልጄን እንጀራ በአፌ አልዘጋም። ጥፋት የለበትም ብለህ ጻፍ።»

መምህሩ ወደኔ አየ። እኔም «ሐጂ፣ ጥፋት የሌለበት ሰው እነሱ አገር አይታመንም፤ ያረሙትንና የታረመውን ነው የሚፈልጉት» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አሰቡ። ልጁ በር ላይ ቆሞ ጆንያ የሚቆጥር መሰለ፣ ጆሮው ግን እኛ ዘንድ ነበር።

«በመጀመሪያው ዓመት» አሉ በመጨረሻ፣ «ላዩን አይቶ እርጥብ ሰሊጥ ገዛብኝ። እጅህን እስከ ክርንህ ጆንያው ውስጥ ሳታስገባ ዋጋ አትጥራ አልኩት።»

«ከዚያስ?» አለ መምህሩ፣ ብዕሩን እንደያዘ።

«ከዚያማ እጁን ማስገባት አላቆመም። የሰው ጆንያ አልበቃው ብሎ የእኔንም መጋዘን እየፈተሸ፣ ሐጂ ይሄኛው ረጥቧል፣ ይሄኛው ገለባ በዝቶበታል እያለ በገዢ ፊት አሳፈረኝ።»

«ይህንን ልጻፈው?»

ሐጂ ወደ በሩ ተመለከቱ፣ ልጁም ቶሎ ብሎ ወደ ጆንያው ዞረ።

«ጻፈው» አሉ። «ግን ሰሊጤ ንጹሕ እንደነበረም ጨምርበት።»